ጠዋት ጠዋት የት ይሄዳል?

የአክስቴ ልጅ ጠዋት ጠዋት ከቤት ይጠፋል። «ይጠፋል» የምትለው አክስቴ ናት። እኔ የት እንዳለ አውቃለሁ። ጣና ዳር፣ ዋርካ ሥር ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ታንኳ ይቆጥራል። ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡትን። «ዛሬ አሥራ አንድ ናቸው» ይለኛል።

ስኪዞፍሬኒያ አለበት፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ የአእምሮ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕመሙ በዓለም ላይ ከ300 ምናምን ሰው አንዱን ያገኛል፤ ባሕር ዳር ውስጥ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም ማለት ነው። በየወሩ መርፌ መወጋት ከጀመረ ወዲህ የሚሰማው ድምፅ ቀንሶለታል። ቤተሰቡም «ተመስገን፣ አሁን ዝም ብሏል» ይላል። እኔን የምታናድደኝ ይቺ «ዝም ብሏል» ናት። ዝም ያለ ሁሉ ደህና ነው እንዴ? «ቀንህ እንዴት ነው የሚያልፈው?» ብሎ የጠየቀው ሰው አላየሁም፤ ሐኪሙም ጭምር።

ቤታቸው ቡና አይጠፋም፤ ጎረቤትም አይጠፋም። «ልጄ፣ አሁንም ሥራ አልጀመርክም?» ይላል አንዱ። ሌላዋ እሱ እየሰማ «ምን አስነክተውት ነው?» ትላለች። አባቱ ደግሞ «ሰነፈ እንጂ ምን ሆነ» ባይ ናቸው። ከአልጋ መነሳት ማቃቱ፣ ፍላጎት ማጣቱ ራሱ ሕመሙ ነው። ይህን የሚያስረዳቸው ቢገኝ ስንት ጭቅጭቅ በቀረ ነበር።

እንግሊዝ አገር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጠና ነገር አለ። ከሆስፒታል ወጥቶ ወቀሳ የበዛበት ቤት የገባ ሰው ሕመሙ ቶሎ ያገረሽበታል። ከልክ ያለፈ መንሰፍሰፍም ያው ነው። እንዲህ ባለ ቤት ከቤተሰቡ ጋር ፊት ለፊት የሚቆየው በሳምንት ከ35 ሰዓት በታች ከሆነ ግን የማገርሸቱ ነገር ይቀንሳል።

የአክስቴ ልጅ ይህን አላነበበም። ግን ቡናው ሳይፈላ ውልቅ ይላል።

መውጫው ሁሉ እንዲህ ደግ አይደለም። አምና «ያረጋጋኛል» ብሎ ጫት ጀምሮ ነበር። በሳምንቱ እንቅልፍ አጣ፣ ድምፁም ተመለሰ። በጫት እንጨቃጨቅ ከተባለ እኔም አለሁበት። በጠበል ግን አልከራከርም፤ መርፌውን እስካላስቋረጠው ድረስ።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ በሩን ልትቆልፍበት አሰበች። «ሐይቁ ውስጥ ቢገባስ?» አለችኝ። እናት ናት፤ ስጋቷም ከመሬት የተነሳ አይደለም። «እስቲ አብረን እንሂድ» አልኳት። ከኋላው ራቅ ብለን ቆምን። ዞር ብሎ አያት። ድንጋይዋ ላይ ጠጋ አለላት።

«ቁጭ በይ እማዬ። ገና ሰባት ታንኳ ነው ያለፈው።»