ክብር ለፎርማት ሊቃውንት

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ከሚገኝ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ፣ አንድ ገጽ ማመልከቻ ለማስጻፍ ከቁርስ እስከ ምሳ ተቀመጥኩ። ጸሐፊዋ ጥፋት የለባትም። ጣቶቿ የበገና ደርዳሪ ጣቶች ናቸው፤ በገናው ግን አልነሣ አለ። ከሦስት ቀን በፊት የፎርማት ሊቅ ጎብኝቶት ነበር።

እነዚህን ሊቃውንት ታውቋቸዋላችሁ። ኪሳቸው ውስጥ አንድ ፍላሽ፣ አፋቸው ውስጥ አንድ መድኃኒት፦ ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። ኮምፒውተሩ ቢዘገይ ፎርማት፣ ድምፅ ቢያጣ ፎርማት፣ ማተሚያው ወረቀት ቢነክስ ፎርማት። ዳማከሴ እንኳ ይህን ያህል በሽታ አልተሸከመም! ከሁሉ የማደንቅላቸው ጨዋነታቸውን ነው። ሰው ቤት ገብተው ጥያቄ አያበዙም። ማሽኑ ስንት ዓመቱ ነው? ሚሞሪው ስንት ነው? ምን ትሠሪበታለሽ? እንዲህ ያለ ወሬ ከእነሱ አይወጣም።

የዚያች ምስኪን ኮምፒውተር ሚሞሪ፣ ማለትም ስትሠራ ነገሩን ሁሉ የምትይዝበት ጊዜያዊ ቦታ፣ 2 ጊጋባይት ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ደጃፉን ለመርገጥ ብቻ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ሊቃችን ግን ዘበኛ የሚመልሰው ሰው አይደለም፤ በአጥር አስገባው። «ዊንዶውስ 10 እኮ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ አብቅቷል» ብሏታል። እውነቱን ነው፣ አብቅቷል። ጫማው ላለቀበት ሰው ግን የወፍጮ ድንጋይ አያጫሙትም።

ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ያለፈውን ጊዜ በቀላሉ አላልፈውም፤ ታሪክ ተሠርቶበታል። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ወረፋ የያዝነው ሰባት ሰዎች ተዋወቅን። በሁለተኛው፣ አንድ ተማሪና አንዲት ጡረተኛ እናት የአንድ ቀበሌ ልጆች ሆነው ተገኙ፤ የሥጋ ዝምድናም ተቆጠረ። ስክሪኑ ላይ «ጠብቁ» የምትለው ክብ መዞሯን ቀጠለች። በሦስተኛው፣ ጡረተኛዋ «ዝም ብሎ ከመቀመጥ» ብለው እቁብ አቋቋሙን። ዳኛ ተመረጠ፣ ገንዘብ ያዥ ተመረጠ፣ በሳምንት 200 ብር ተባለ። ጸሐፊዋና አንድ ሊስትሮም ገቡ። ደንቡ በኮምፒውተር ይጻፍ የሚል ሐሳብ ቀርቦ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ስለዚህ ደንቡም ከእኔ ማመልከቻ ኋላ ወረፋ ያዘ። አንድ ጎልማሳ ያለ ደንብ ገንዘብ አላዋጣም ብለው ሊወጡ ሲነሡ ስክሪኑ ፏ አለ። ሁላችንም ብድግ አልን። አዲስ ማሻሻያ እየጫንኩ ነውና አታጥፉኝ ይላል። ጎልማሳው ተመልሰው ተቀመጡ። ሠላሳ በመቶ ላይ ቡና ተፈላ። ስድሳ ላይ ጎልማሳውን ከዳኛው ጋር አስታረቅን። ዘጠና ሰባት ላይ መብራት ጠፋ።

እስከዚህ ድረስ እስቃለሁ። አንዱ ግን አያስቀኝም። ያ ሰው ሃርድ ዲስኩን ሲጠርገው፣ የስምንት ዓመት ሥራዋ፣ የደንበኞቿ ውል፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሟች አባቷ ፎቶግራፍ እዚያ ውስጥ ነበር። «የምትፈልጊው ፋይል አለ?» ሦስት ቃል ናት። ሦስት ቃል ነፍጎ፣ ሁሉን አጥፍቶ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ፣ «ፈጣን ሆነልሽ» ብሎ ሄደ። ሌባ የወሰደው እንኳ ዞሮ ዞሮ ገበያ ላይ ሊገኝ ይችላል። ይህን ሙያ ብሎ የሚጠራ አፍ ይፈር!

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ለዚያች ማሽን የሚመጥን፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ቀላል ሥርዓት በነፃ ይገኛል፤ ሉቡንቱ አለ፣ በጣም ለደከመው ደግሞ አንቲኤክስና ፓፒ ሊኑክስ አሉ። ፓፒ ሚሞሪው ውስጥ ገብቶ ስለሚሠራ አዝጋሚውን ሃርድ ዲስክ ደጅ አይጠናም። ሁሉንም ከፍላሽ አስነሥቶ፣ አንድ ፋይል ሳይነኩ መሞከር ይቻላል። ማመልከቻውን ሊብሬኦፊስ የሚባለው ነፃ የጽሕፈት ፕሮግራም ይጽፋል። ፊደላችንም እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ ውስጥ ስለገባ አማርኛው አያሳስብም (በድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል ያለው ሰው ግን መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀይረው፤ ጸሐፊዋ ከዚህ ጣጣ ተገላግላለች)። ነገር ግን በነፃ የተገኘና ስሙ ያልተለመደ ነገር ምን ክብር አለው? «ዊንዶውስ 11 ነው ያለኝ» ማለት ያኮራል፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ቀላሉን የሚያውቁ ወጣቶችም እዚያው ሰፈር አሉ። አንድ ማኪያቶ ለሦስት ይዘው ሉቡንቱ ይሻላል ዙቡንቱ ይሻላል ሲሉ ይመሻል፤ የተከራከሩለት ኮምፒውተር በእርጅና ሲያርፍ ቀብሩ ላይ ይታረቃሉ።

እኔ ማመልከቻዬን በእጄ ጽፌ አስገባሁ። የእቁቡ የመጀመሪያ ዕጣ ቅዳሜ ወጣ፤ ለጸሐፊዋ ደረሳት። ሰኞ ደስታዋን ልካፈል ብዬ ጎራ ስል ሊቁ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ስለዘገየባት በዕጣዋ ገንዘብ እንደገና ፎርማት እያስደረገች ነው። ዓይኔ ሲፈጥ አይታ፣

«አይጨነቁ ጋሼ፤ አሁንማ የሚጠፋ ፋይል የለኝም» አለችኝ።