«ቀልብ የለውም» ከማለታችን በፊት እግሩን እንይ

ጎንደር ውስጥ አንድ ተማሪ እርሳሱን በጣለ ቁጥር፣ ከዴስኩ በተንሸራተተ ቁጥር፣ ሰልፍ ላይ ጓደኛውን በተደገፈ ቁጥር የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፦ «ይሄ ልጅ ቀልብ የለውም»። ኩርኩሙም ብዙ አይዘገይም። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ግን ቀልባቸው አለ፤ ቀጥ ብለው ለመቀመጥ እያዋሉት ነው እንጂ።

ሚዛናችንን የምንጠብቀው ከዓይን፣ ከውስጠኛው ጆሮ እና ከጡንቻና መገጣጠሚያ የሚመጣውን መረጃ አንጎል ሲያቀናጀው ነው። አብዛኛው ልጅ ይህን ሳያስበው ይሠራዋል። የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር ያለበት ልጅ ግን እያሰበ ስለሚሠራው መምህሯን ለማዳመጥ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ችግሩ ለትምህርት ከደረሱ 100 ልጆች በ5 ወይም በ6ቱ ላይ እንደሚታይ ይገመታል፤ ከነዚህም ግማሽ ያህሉ የትኩረት ማነስና መቅበጥበጥ አብሯቸው ይኖራል። ስለዚህ «ሰነፍ ነው ወይስ ቀዥቃዣ?» የሚለው ክርክር ብዙም አይጠቅምም።

ሚዛን መጠበቅ ምን ያህል ቀልቡን እንደሚወስድበት ለማየት፣ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልጅ በአንድ እግሩ ይቁምና ሰከንድ ይቆጠርለት። አረፍ ብሎ እንደገና ይቁም፤ አሁን ግን የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ እየጠራ። ሁሉም ልጅ ትንሽ ይወዛወዛል። ከእኩዮቹ በተለየ እግሩን ወዲያው የሚያወርድ ወይም ቀናቱን ጭራሽ የሚተው ከሆነ ጥቆማ ነው፤ ምርመራ ግን አይደለም።

ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው እግር ነው። ለሦስት በተቀመጡበት ዴስክ ጠርዝ ላይ እግሩ ተንጠልጥሎ የሚውል ልጅ መላ ሰውነቱን ይዞ ለመቆየት ይታገላል። ጉልበቱ 90 ዲግሪ ያህል እስኪታጠፍ ከእግሩ ሥር የእንጨት ሳጥን ይደረግለት። የሚነቃነቅ ሳጥን ግን ከባዶው ይብሳል። ጫማም እንዲሁ፦ «ያድግበታል» ተብሎ ሁለት ቁጥር አልፎ የተገዛ ጫማ ኮብልስቶኑ ቁልቁለት ላይ እግሩን ውስጥ ለውስጥ ያንሸራትተዋል። ከጣቶቹ ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል።

ሚዛን ብቻ በማለማመድ ትኩረት ይስተካከላል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ልጁ መልመድ ያለበት ራሱ ማድረግ የሚፈልገውን ነው። ሰኞ ማክሰኞ መጫወት ካማረው ሳጥኖቹ ሰፋ ተደርገው ይሰመሩ፤ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ቀጥሎ ሁለት ሳጥን ብቻ በአንድ እግር ይዝለል። ጠጠሩ መጨረሻ ይምጣ፤ ሁለተኛ ሥራ ነውና። በሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት ከማድከም በየቀኑ 10 ደቂቃ ይሻላል። ምክሩ ከመዝለሉ በፊት ይነገረው፤ አየር ላይ እያለ «ተጠንቀቅ!» ብሎ መጮህ ያለችውን ትኩረት መንጠቅ ነው።

ይችለው የነበረውን እያጣ ያለ፣ አንድ ጎኑ ብቻ የሚደክም፣ ከመሬት ሲነሳ ጭኑን በእጁ የሚደገፍ ወይም ጆሮው የሚመግል ልጅ ካለ ግን ጨዋታውን ትቶ በቶሎ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ወላጅ ሲሄድ ልጁ መቼ ዳዴ እንዳለ፣ መቼ እንደሄደ፣ ያለጊዜው ተወልዶ እንደሆነም ጽፎ፣ የልጁን የትምህርት ቤት ደብተርም ይያዝ።