ሀረናን ለማን ነው የተውነው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና ስለ ሀረና ደኑ በግልጽ ልንገራችሁ። ቢመራችሁም ስሙኝ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ፌስቡክ በቀይ ቀበሮ ፎቶ ተጥለቀለቀ። ደስታው ተገቢ ነበር። ከዚያስ? ክብሩን ሁላችንም ተካፈልን። ጥበቃውን ግን ብርድ ላይ ለሚያድሩት የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ለስካውቶቹ፣ ጥለን ወደየጉዳያችን ሄድን።

ይህ ፓርክ በዋዛ አልተገኘም። በ1950ዎቹ ሌስሊ ብራውን የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ የደጋ አጋዘንን ሊያጠና ወደ ባሌ ወጣ። አካባቢው ይጠበቅ ብሎ ወተወተ። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ። ወሰኑ በሕግ እስኪታወጅ ግን ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ! ወሰኑ ያልታወቀ መሬት ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። ማሳ ይገባበታል፣ ጎጆ ይቀለስበታል፣ ከብት ይሰማራበታል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ የፓርኩ ካምፖች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። አጋዘኑም በጥይት ረገፈ። ይህን ያደረገው ባዕድ አይደለም። እኛው ነን።

ሀረናን ያላያችሁ ብዙ ናችሁ። በፓርኩ ከፍታ ላይ ካለው ሜዳ፣ ከሳነቴ አምባ፣ በስተደቡብ ቁልቁል የሚወርድ፣ ጉም የማይለየው ደን ነው። ከላይ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦና ኮሶ ነው። ወረድ ሲሉ ቀርከሃ፣ ከዚያ ዝግባና ሌላው ትልልቅ ዛፍ። በጥላው ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ይበቅላል። ጥቁር ጋማ ያለው አንበሳ፣ ነብርና ተኩላ እዚያ አሉ። የባሌ ጦጣ ደግሞ ኑሮዋ በቀርከሃው ቅጠል ነው። ቀርከሃው ሲመነጠር ሌላ ጫካ ልሂድ አትልም፤ ምግቧ ያ ነው።

ደኑን የሚጨርሰው ድሃው ገበሬ ብቻ ነው የምትሉ የከተማ ሰዎች፣ ቆም በሉ። የቤታችሁን በር በዝግባ ስታሠሩ ጣውላው ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቃችኋል? ገዢ ባይኖር መጋዙ ሌሊት ሌሊት ጫካ ውስጥ ባልገባ ነበር።

ቡና የምታለሙ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም አድምጡኝ። ከደኑ ቡና መልቀም የአባቶቻችሁ ነው፣ ማንም አይነቅፋችሁም። ነገር ግን ቡናው እንዲበዛ ብላችሁ ሥር ሥሩን ስትመነጥሩ፣ ነገ ትልቁን ዛፍ የሚተካው ችግኝ አብሮ ይሄዳል። ከሩቅ ሲያዩት ደን ይመስላል። ውስጡ ግን ሽማግሌ ዛፍ ብቻ ቀርቷል።

ውሃውንም አስቡ። የአምባው ረግረግ የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከእነዚህ ተራሮች በሚነሳው ውሃ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ 12 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይጠቀማል። የወይብና የገናሌ ወንዞች ዶሎ ኦዶ ሲደርሱ ከብቱን የሚያጠጣው አርብቶ አደር ሀረናን አይቶት አያውቅ ይሆናል። እኛ ላይ ሆነን የምናጠፋው ግን የእሱን ውሃ ነው።

አሁን ወደ ቀይ ቀበሮ ልምጣ። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። በየትኛውም አገር መካነ እንስሳት አንድም የለም፤ እዚህ ካለቀ አለቀ። ምግቡ ፍልፈልና አይጥ ነው። ከነዚህም ትልቁ ፍልፈል ከባሌ በቀር የትም አይገኝም። ይህን ፍጡር ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ጥይት እንዳይመስላችሁ። የእኛው ውሻ ነው። በ1996 ዓ.ም. ከውሾች የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ በፓርኩ ውስጥ ባለው በዌብ ሸለቆ ገብቶ ከአራት ቀበሮዎች ሦስቱን ያህል ፈጀ። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ተመላልሷል። ሰዎች ከብት ይዘው ሲወጡ ውሻው ይከተላል። ሳይከተብ፣ ሳይታሰር፣ ማታ ከቀበሮ ጋር በአንድ ጥንብ ይገናኛል። በሽታው እኮ ለልጆቻችሁም አይመለስም! አስከትቡ ሲባል የምትሸሹት ለምንድን ነው?

ሾፌሮች፣ ከጎባ ወደ ዶሎ መና ያለው መንገድ ፓርኩን መሃል ለመሃል ያቋርጣል። ፍጥነት ቀንሱ። ጎብኚዎችም ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ይህን ለአዋቂ ሰው መንገር ያሳፍራል።

የእሳቱን ነገር ግን እንዲሁ አላልፈውም። በ1992 ዓ.ም. የባሌ ደን ሲነድ ወታደሩም፣ ተማሪውም፣ ገበሬውም በቅጠልና በአካፋ ተረባርቦ ነበር። ያኔ አገር ደነገጠ። በየበጋው አስታው ሲቃጠል ግን ማን ይደነግጣል? አዲስ ሣር እንዲበቅል ተብሎ ይለኮሳል፣ ጅብ እንዳይደበቅበት ተብሎ ይለኮሳል፣ ማር ቆራጭም ጭሱን ሳያጠፋ ይሄዳል። ነፋስ ከተነሳ እሳቱ ለማንም አይታዘዝም። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ይህንኑ አይተው ነው። ስለዚህ ማር የምትቆርጡ፣ ጭሳችሁን አፈር አልብሱና ሂዱ። እረኞች፣ አስታው ላይ ክብሪት አትጫሩ። የለኮሰውንም የምታውቁ ሽማግሌዎች፣ ዘመዳችሁ ቢሆንም አትሸፍኑት፤ ለስካውቱ ወይም ለቀበሌው በዚያው ቀን ንገሩ።