ተስፋ አለን እኛ

ፍርሃት ግጥም ውስጥ የሚገባው በሁለተኛው ስንኝ ነው። የመጀመሪያውን ማንም ሳያስበው ይጽፈዋል። ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰፈር ያደረ ገጣሚ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦

ጀሪካን ተሰልፎ፣ ባለቤቱ ተኛ፤

የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ነው፤ በየሐረጉ (በየግማሽ ስንኙ) 6 ቀለም፣ ማለትም 6 ክፍለ ቃል። ነገሩም ያየነው ነው። እዚህ ላይ ገጣሚው ቀና ይላል። ከፊቱ ማንም የለም፤ እሱ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ይታየዋል። «መልእክቱ ምንድን ነው?» የሚል ሃያሲ፣ «ደግሞ በውሃ መጣህ?» የሚል የወረዳ ሰው፣ «ልጄ፣ ምነው ስለ አገርህ ብትጽፍ» የሚሉ እትዬ። ሦስቱንም በአንድ ስንኝ ሊያስታርቅ፦

ነገ ይነጋል ግን፣ ተስፋ አለን እኛ።

ቀለሙ አልጎደለም፣ ቤት መትቷል፣ ይጨበጨብለታል። ግን ይኸው ስንኝ ስለ ጤፍ ዋጋም፣ ስለ ትዳርም፣ ስለ ኳስ ቡድናችንም በተጻፈ ግጥም ጫፍ ላይ ሳይነካካ ይገጠማል፤ ተቀያሪ ጎማ ነው።

መድኃኒቱ አዳራሹን ትቶ ወደ ሰልፉ መመለስ ነው። ከጀሪካኑ ኋላ ምን አለ? ትርፍ ጀሪካን ያጣ ሰው ወረፋ የያዘበት ድንጋይ።

ከኋላው ድንጋይ ነው፣ የማታው ተረኛ።

ይሄኛው ላይወደድ ይችላል። አንዳንዱም «ድንጋዩ ማንን ሊነካ ነው?» እያለ ሦስት ቀን ይፈታዋል። (ድንጋይ ነው።)

የቅኔ ቤት ተማሪ ይህን ፍርሃት የሚገድለው በብዛት ነው። ሁለት ስንኝ ካለው የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና፣ ተነሥቶ ስምንት ስንኝ ያለው መወድስ እስኪደርስ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል (ይደርሳል)፤ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል። የትናንቱን መድገም ነውር ስለሆነ የትናንቱን እያደነቀ መቀመጥ አይችልም። የእኛ ገጣሚ ግን በአምስት ዓመት አንድ መጽሐፍ ያወጣና መግቢያው ላይ «በወዳጆቼ ጉትጎታ» ብሎ ጥፋቱን አስቀድሞ ለወዳጆቹ ያካፍላል።

ለአንድ መነሻ ስንኝ አምስት ተከታይ ጻፉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ሰው የሰማችኋቸው ናቸው፤ ሦስተኛው ቤት ለመምታት ብቻ የመጣ ነው። ከቀሩት ሁለቱ ለማንበብ የሚያሳፍራችሁን ያዙ። እጃችሁ ወል ቤት ከለመደ ወደ ሰንጎ መገን፣ ወደ 5 በ5 ቀለም ዙሩ፤ የለመዳችሁት መደምደሚያ ልኩ አይሆንም።

ከዚያ ለእትዬ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። «ድንጋዩ የማን ነው?» ካሉ ደግ ነው። «እሰይ፣ ተባረክ» ካሉ ሁለተኛውን ስንኝ እንደገና እዩት።