ማስተካከያ፦ ለሳሳ አጥንት ካልሲየም ብቻውን አይበቃም

ባለፈው ጽሑፌ «ስብራቱ ከገጠመ በኋላ ወተትና የካልሲየም ክኒን ይበቃል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። አጥንታቸው ሳስቶ በቀላል መውደቅ የተሰበሩ አዛውንት ዳግም የመሰበር ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። በተለይ የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ያሰጋሉ። ስለዚህ አጥንት የሚያጠነክር መድኃኒት ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሐኪም ጠይቁ። ለምሳሌ አሌንድሮኔት በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አለው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ነው የሚወሰደው። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጋደም ማለት የለም፤ ቁርሱም ቡናውም ይቆይ።

ጎንደር ላይ ደግሞ እናቶቻችን ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ዳገቱ፣ ኮብልስቶኑ፣ በክረምት ጭቃው አለ። እባካችሁ፣ ምርኩዝ፣ ባትሪና የማያንሸራትት ጫማ አይለያቸው። የሚደግፋቸው ልጅ ካለ ደግሞ አብሯቸው ይውጣ።