«ሴትዮዋ» ወይስ «እሳቸው»?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አራት ሆነን ኳስ እያየን ነበር። ብራይተን በሜዳው ይጫወታል። ካሜራው ስታዲየሙን ከላይ ሲያሳይ ከጀርባው ሰፊ አረንጓዴ ኮረብታ ታየ። ብራይተን ከተማ ብዙ ዓመት ኖሮ የተመለሰ ወዳጅ አለን። ማኪያቶውን አስቀመጠና «ይቺን ሜዳ ባየሁ ቁጥር ያቺ ሴትዮ ትዝ ትለኛለች» አለ።

«የቷ ሴትዮ?»

«የብራይተን ጎረቤት የሆነው የሉዊስ ወረዳ ምክር ቤት መሪ የነበረችዋ ናት። ይሄ ስታዲየም እንዳይሠራ ምክር ቤቷን ይዛ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደችው።»

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በማዘጋጃ ቤት ሠርተዋል። ወዲያው አረሙት።

«ሴትዮዋ አትበል። ሕዝብ የመረጣቸው ሰው ናቸው። እሳቸው በል።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እሱን አልልም።»

የዕለቱ ክርክር ከዚህች ቃል ተነሳ። ጨዋታው እስኪያልቅ ማንም ስክሪኑን አላየም ማለት ይቻላል።

ወዳጃችን ታሪኩን ከሥሩ ጀመረ። ብራይተን ጎልድስቶን የሚባል ሜዳ ነበረው። ከ1902 ጀምሮ የኖረበት ቤቱ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1995 የክለቡ ባለቤቶች ሜዳውን ሸጡት። ሌላ የሚገቡበት ሜዳ ግን አላዘጋጁም። ደጋፊው የሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያ ላይ፣ ክለቡ ቢፈርስ ባለቤቶቹ ትርፍ እንዳይወስዱ የሚከለክለው አንቀጽ ከመተዳደሪያ ደንቡ ወጥቶ ተገኘ። ይህንን ያወቀው ሰነድ ያገላበጠ አንድ ደጋፊ ነው።

«የመጨረሻው ቀን ነበርኩ» አለ። «ሚያዝያ 26፣ 1997። ዶንካስተርን 1 ለ 0 አሸነፍን። ጨዋታው ሲያልቅ ሰው ወደ ሜዳ ገባ። ሳሩን እየቆረሰ በፌስታል የሚይዝ ነበር። ወንበር ነቅሎ የሚሄድም ነበር። ከጎኔ የቆሙ ሽማግሌ ግን ምንም አልወሰዱም። ዝም ብለው መሬቱን ያዩ ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ትልልቅ መደብሮች ናቸው ያሉት።»

ከሳምንት በኋላ ብራይተን ሄርፎርድ ሄዶ 1 ለ 1 ወጣ። በዚያች አንድ ነጥብ ከሊጉ ከመባረር ተረፈ። ያ ጨዋታ ሄርፎርድን ከሊግ አስወጣው። ቡድኑ ዳነ፣ ቤት ግን የለውም። ሁለት ዓመት ሙሉ «የሜዳው ጨዋታ» የሚባለውን በጂሊንግሃም ተጫወተ። ከብራይተን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

«ሜዳችን ብለህ እዚያ ድረስ ተጉዘህ የሰው ሜዳ ላይ ትቀመጣለህ» አለ። «እናንተ ይሄ ይገባችኋል። ዋልያዎቹ ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፉት የት ነው?»

«ሊሎንግዌ» አልን ሦስታችንም። ሰኔ 2022፣ ማላዊ። በሜዳችን ነው የተባለው። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ስላላሟሉ ደስታችንን በሰው አገር ሣር ላይ አየነው። እኔ ያን ቀን ደስ እያለኝ ከፍቶኝ ነበር። ስለዚህ ወዳጄ የሚለውን ነገር ሳልኖርበትም በትንሹ አውቀዋለሁ።

አራተኛዋ ጠበቃ ናት። ቀዝቀዝ አድርጋ ነው የምትናገረው። «የእኛ ሌላ ነው» አለች። «እኛን የከለከለ ምክር ቤት የለም። ስታዲየም በጊዜው ሠርተን ስላልጨረስን ነው። ወደ ሴትዮዋ ተመለስ።»

«እሳቸው» አሉ ጋሼ።

«ወደ እሳቸው ተመለስ» አለች ሳቅ ብላ።

ከጂሊንግሃም ቀጥሎ ዊዝዲን መጣ። የአትሌቲክስ ሜዳ ነው። ክለቡ ከ1999 እስከ 2011፣ 12 ዓመት ተጫውቶበታል። በተመልካቹና በኳሱ መካከል የመሮጫ ትራክ አለ። አብዛኛው መቀመጫ ጣሪያ የለውም። በእንግሊዝ ክረምት ጣሪያ አለመኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ወዳጃችን ሲተርክ እጁን እያሻሸ ነበር። ጎልድስቶን አብረውት የቆሙት ሽማግሌ ዊዝዲንም ከጎኑ ይቀመጡ ነበር። በፔርሙዝ ሻይ ይዘው ይመጣሉ። ሁለት ኩባያ ነው የሚይዙት፣ አንዱ ለእሱ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «ፋልመር ምን ደረሰ?»

ፋልመር ከብራይተን ወጣ ብላ ያለች መንደር ናት። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ከጎኗ አሉ። ባቡር ጣቢያም አላት። ክለቡ እዚያ መሥራት ፈለገ። በ1999 የብራይተንና ሆቭ ነዋሪ በሕዝበ ውሳኔ ተጠየቀ። ከሦስት ሰው ሁለቱ «ይሁን» አለ። በ2002 የከተማው ምክር ቤት ፈቀደ። ግን ቦታው ከሉዊስ ወረዳ ድንበር ላይ ነው፤ ከፕሮጀክቱ ትንሽ ክፍል ደግሞ ወረዳው ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ ኮረብታው በተፈጥሮ ውበቱ በሕግ የሚጠበቅ አካባቢ ነው። በ2010 ሳውዝ ዳውንስ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው በዚሁ አካባቢ ነው። ሉዊስ አልቀበልም አለ።

«እንግዲህ ንገረኝ» አለች ጠበቃዋ። «ብራይተን ሕዝበ ውሳኔ ሲያደርግ የሉዊስ ሰው ተጠይቋል?»

«አልተጠየቀም።»

«የእሳቸው መራጭ የት ነው የሚኖረው?»

«ሉዊስ።»

«ታዲያ ለአንተ ነው ወይስ ለመራጫቸው መቆም የነበረባቸው?»

ወዳጃችን መልሱን አላጣም። «ኮረብታ ይቁጠሩ፣ መንገድ ይቁጠሩ፣ መብታቸው ነው። እኔ የምናደደው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። መንግሥት ጉዳዩን ወስዶ ችሎት አስቀመጠ፤ ፍርድ ቤት አይደለም፣ ባለሙያ ሁሉንም ወገን የሚሰማበት ነው። ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር ተብሎ ሁለተኛ ችሎት ተቀመጠ። ሺፕኮት ሸለቆ ተባለ፣ ሌላም ሌላም ተባለ። ሁሉም ታየ። በመጨረሻ ጥቅምት 2005 ሚኒስትሩ ጆን ፕሬስኮት ፈቀዱ። ጨፈርን። አለቅን አልን። የሉዊስ ምክር ቤት ግን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው።»

«አሸነፉ ወይስ ተሸነፉ?» ስትል ጠየቀችው። መልሱን እንደምታውቀው ያስታውቃል።

«በቃላት ስህተት ነው እኮ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚኒስትሩ ውሳኔ የተጻፈበት ደብዳቤ የስታዲየሙ ቦታ በከተማ ፕላኑ የግንባታ ክልል ውስጥ እንዳለ ይገልጻል። እንደዚያ አልነበረም። መንግሥት ስህተቱን አመነ፤ ፍቃዱም በ2006 ተሰረዘ። ጠበቃዋ እዚህ ላይ ድምጿን ከፍ አደረገች። «መሬት ሲሰጥ የክልሉ ወሰን በስህተት ከተጻፈ ይሄ ፊደል መሳሳት አይደለም። ነገ የአንተ ግቢ በስህተት ‹ክፍት ቦታ› ተብሎ ቢጻፍ ዝም ትላለህ? ደግሞ የመጀመሪያውን ችሎት የመሩት ባለሙያ ራሳቸው ‹አይፈቀድ› ብለው አልነበረም? እሳቸው ከሜዳ ተነስተው አልከለከሉህም።»

እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። በዚህ ነጥብ ላይ እውነቷን ነው አልኩ በልቤ።

ወዳጃችን ትንሽ ቆይቶ «የጊዜውን ነገር ግን ማንም አይቆጥረውም» አለ። «አዲሷ ሚኒስትር ሄዘል ብሌርስ በሐምሌ 2007 እንደገና ፈቀዱ። ያው ቦታ ነው። ያው ስታዲየም ነው። በመሃል 21 ወር ሄደ። ለምክር ቤት 21 ወር ሁለት ሦስት ስብሰባ ነው። ለክለቡ ዕዳ ነው። ለእኔ ሁለት ክረምት ነው። ለእሳቸው ደግሞ…»

ሽማግሌውን ማለቱ ነበር። ግንባታው በታኅሣሥ 2008 ተጀመረ። እሳቸው ያረፉት በማግስቱ ዓመት ነው። መሬቱ ሲቆፈር በባቡር ሲያልፉ አይተዋል። ሜዳው ላይ ግን አልተቀመጡም። ወዳጃችን ይህን ሲነግረን አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም።

ዝምታውን የሰበሩት ጋሼ ናቸው።

«ልጄ፣ ሐዘንህ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጎልድስቶንን የሸጡት እሳቸው ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ደንቡን የቀየሩት እሳቸው ናቸው?»

«አይደሉም ጋሼ።»

«ታዲያ የሽማግሌውን ሻይ በዝናብ ያስጠጣው ማነው?»

ቀጠሉ። ማዘጋጃ ቤት ሲሠሩ የደረሰባቸውን ነገሩን። አንድ ሰፈር ውስጥ ለልጆች መጫወቻ የተተወ ክፍት ቦታ ነበር። ለሕንጻ ይሰጥ ተባለ። ጋሼ በጽሑፍ ተቃወሙ፣ ስማቸውንም ፈረሙ። ሥራ እናገኛለን ብለው ሲጠብቁ የነበሩ የሰፈር ወጣቶች ለወራት ሲያገኟቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። «በስብሰባው ላይ ደግፎ በጓሮ የሚያደናቅፍ ነበር» አሉ። «እሱን ማንም አያውቀውም። ማንም አይጠላውም። ስሙን የፈረመ ነው የሚጠላው። እኚህ የሉዊስ ሴት ስማቸውን ፈርመዋል። በአደባባይ ቆመው ‹አይሆንም› ብለዋል። ምክንያታቸውንም ተናግረዋል። ሜዳህን የሸጡት ግን ሸጠው ነው የነገሩህ።»

ወዳጃችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፈ መሰለኝ። ግን አልተሸነፈም። «ሁለቱንም መጥላት እችላለሁ» አለ። «ለዓመታት ባቡሩ ሉዊስ ሲቆም አልወርድም ነበር። ከተማዋ ታምራለች ይላሉ። አላየኋትም።»

ጠበቃዋ «ደጋፊዎቹ ከመናደድ በቀር ምን አደረጉ?» አለችው። ፊቱ የበራው እዚህ ላይ ነው። ለሚኒስትሩ ለፕሬስኮት አበባ ላኩ። ደብዳቤ ጻፉ፣ ሰልፍ ወጡ። ዘፈን አወጡና በጥር 2005 በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 17ኛ ሆነ። ሉዊስ ሲያስቸግር ደግሞ በክለቡ ቅጽል ስም ሲጋልስ የተባለ ፓርቲ አቋቁመው በዚያው ወረዳ ለምርጫ ተወዳደሩ። ወንበር አላገኙም። ግን የሉዊስን መራጭ በር እያንኳኩ አነጋገሩት። የዝናብ ጃኬት ለብሰው ዊዝዲን የተቀመጡ ሰዎች ናቸው ይህን ያደረጉት።

በመስከረም 2007 የሉዊስ ምክር ቤት ዳግመኛ ፍርድ ቤት እንደማይሄድ አስታወቀ። በ2011 ስታዲየሙ ተከፈተ። የወጣበት ገንዘብ 93 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። በነሐሴ 6 የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ ሲደረግ እንግዳው ቡድን ማን ነበር? ዶንካስተር። ጎልድስቶን ላይ የመጨረሻው እንግዳ የነበረው ያው ዶንካስተር። ብራይተን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ማሸነፊያዋ የገባችው በጭማሪ ሰዓት ነው። ወዳጃችን ይህን ሲናገር ድምፁ ተቆራረጠ።

አሁን የእኔን ልናገር።

ቂሙን አልፈርድበትም። ለ14 ዓመት ቤት ያጣ ሰው «ለመራጮቼ ነው» በሚል ቃል ብቻ አይጽናናም። የሉዊስ ምክር ቤትም ከሁለት ችሎት በኋላ ፍርድ ቤት ሲሄድ፣ በዚያ መንገድ ላይ የሚያልፈው ጊዜ የሰው ዕድሜ መሆኑን በበቂ የመዘነ አይመስለኝም። ደጋፊው በዚያ መቆጣቱ ትክክል ነው። እኔም ብሆን እቆጣለሁ።

ነገር ግን ጋሼ የጠየቁት ጥያቄ ከራሴ አልወጣም። የብራይተን ሰው ያጣው ቤት በ1995 የተሸጠው ነው። የሉዊስ ምክር ቤት ያንን ቤት አልወሰደም። የአዲሱን ቤት በር አዘገየ። ሁለቱ በደሎች እኩል አይደሉም። ሻጮቹ ከከተማው ሲርቁ ቁጣው የሚያርፍበት ሰው ፈለገ። ኮረብታው ሥር የቆሙትን አንዲት ተመራጭ አገኘ። የሚታዩት እሳቸው ነበሩ። ስማቸው ጋዜጣ ላይ አለ፣ ቢሯቸው ይታወቃል፣ ድምፅ ተሰጥቷቸዋል። ቁጣው እሳቸው ላይ ያረፈው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዛሬ ያንን ስታዲየም የሚያይ ሰው ወደ መሬት ዝቅ ብሎ መሠራቱን ያስተውላል። ኖራማውን መሬት ቆፍረው ነው ያሳረፉት፣ ከኮረብታው በላይ ጎልቶ እንዳይወጣ። ሲከፈትም የጨዋታ ትኬት የያዘ ሰው በባቡርና በአውቶቡስ ሳይከፍል እንዲሄድ ተደርጎ ነበር፣ መንደሯ በመኪና እንዳትጨናነቅ። ሁሉም የሉዊስ ሥራ ነው አልልም። ግን ኮረብታውን በስሙ ጠርቶ የሚከራከር ሰው ባይኖር ኖሮ እንዲህ ተጠንቅቀው ይሠሩት ነበር ብሎ ለመናገር ይከብደኛል።

ስለዚህ እኔ «እሳቸው» እላለሁ። ቅር ያለኝን ሳልደብቅ እላለሁ። የደጋፊው ቁጣ ደግሞ በአበባና በምርጫ ካርድ በሄደበት መንገድ እኮራለሁ፣ ብራይተንን አንድ ቀን እንኳ ሳላውቀው።

ስንለያይ ወዳጃችን ጋሼን ትከሻቸውን ይዞ ታክሲ ድረስ ሸኛቸው። «ሴትዮዋን» አልተወም። ተመልሶ ሲመጣ ግን አንድ ነገር ለመንኩት። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ስለ ሻጮቹ ይንገረን። ስለ ኮረብታው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወራ ስማቸውን አንዴ እንኳ አልጠራም ነበር።