«ተርን ኦፍ ኢት» ያለውን ልጅ ማን አስተማረው?

የክርክሩ ሐሳብ፦ የእንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርብ (ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም ሲሰጥ) መጠናት ያለበት በምሳሌ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።
ደጋፊ፦ አስጠኚ፣ ከፍኖተ ሰላም
ተቃዋሚ፦ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

ደጋፊ፦
ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ወደ እኔ የሚመጡት ልጆች ደብተራቸው ላይ «ጊቭ አፕ - መተው፣ ጊቭ ኢን - እጅ መስጠት፣ ጊቭ አዌይ - በነጻ መስጠት» እያሉ ደርድረውት ነው። ጠዋት የሸመደዱት ማታ ሦስቱም ይደበላለቅባቸዋል። እኔ ደብተሩን አስዘጋና «ዘ ባስ ብሮክ ዳውን አት ዓባይ በረሃ» እላለሁ፤ አውቶቡሱ ተበላሸ ማለቴ ነው። ያን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ልጅ ትርጉም አይጠይቀኝም። ልብ አለ፣ ልብ ገዛ፣ ልብ አደረቀ የሚሉትን ማን በዝርዝር አስጠናን? ሲባል ሰምተን ነው። ልጅ በቂ ምሳሌ ካየ ሕጉን ራሱ ያገኘዋል።

ተቃዋሚ፦
«ሕጉን ራሱ ያገኘዋል!» ምነው ልጄ? አንድ ተማሪ «ሺ ተርንድ ኦፍ ዘ ራዲዮ»፣ ራዲዮውን አጠፋች፣ የሚል ምሳሌ አየ እንበል። ትክክል ነው። እንዲህ ያለ አሥር ይይ። ከዚያ ራዲዮውን በተውላጠ ስም ሊተካ ፈለገና «ተርን ኦፍ ኢት» ብሎ ጻፈ። ስሕተት! «ተርን ኢት ኦፍ» ነው፤ ተውላጠ ስም ሲሆን መሐል ይገባል። ይህን ሲነግሩት ደግሞ «ሉክ ሂም አፍተር» ብሎ ይመጣል፤ ሉክ አፍተር፣ መንከባከብ፣ ግን አይከፈልም። የቱ እንደሚከፈል ምሳሌ ዝም ነው የሚለው፤ የሚናገር መምህር ነው። ጎጃም ተቀምጠሽ ይህ እንዴት ይጠፋሻል? ግስ ሳይዝ ቅኔ የቆጠረ ማን አለ? የግእዙ ግስ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ ተብሎ አይደለም?

ደጋፊ፦
ቅኔ ቤቱን ራስዎ በማንሣትዎ ደስ ብሎኛል፣ ጋሼ። የዋሸራም ሆነ የጎንጅ ቅኔ ቤት ተማሪ ግሱን ታቅፎ አይቀርም። የሌላውን ቅኔ ይሰማል፣ ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ይቆጥራል፣ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታ ያቃኑለታል። እርስዎ ግሱን ወስደው ቆጠራውን ጣሉት። ተማሪዎችዎ መቼ የራሳቸውን ዓረፍተ ነገር ጻፉ? መጽሐፉ ላይ ጆን ሆቴል ደርሶ «ቼክ ኢን» ሲያደርግ ከመገልበጥ በቀር? ደግሞ ዝርዝርዎ ቴክ ኦፍን «መነሣት» ይለዋል። አውሮፕላን ከባሕር ዳር ይነሣል፣ እሺ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማህን አውልቅ ለማለት «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ» ቢባል ልጁ ጫማውን ይዞ ሊበር ነው?

ተቃዋሚ፦
መጽሐፉን የጻፍሁት እኔ አይደለሁም! ለሁለት የተሠራ ዴስክ ላይ አራት በሚቀመጥበት ክፍል የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ማን ያርማል? ጥቂት ልጆች በረንዳ ላይ ሰብስቦ ማስጠናት ሌላ ነው። ቅኔ ቤት ሳይገቡ ስለ ቅኔ ቤት ማውራትም እንዲሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ልጁን ስለ ዓባይ በረሃ አውቶቡስ አይጠይቀውም። «ተርን ኦፍ ኢት»ን ደግሞ ዘለልሽው።

ደጋፊ፦
ቅኔ ቤት ያልገባሁት ሴት ስለሆንሁ ነው ማለትዎ ነው? ዓይናቸው ሳያይ ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የዚሁ የጎጃም ሴት ናቸው። «ልጄ» ማለቱንም ቢተዉልኝ፤ እኔም አስተማሪ ነኝ።

አንድ ተማሪዬ «ማይ አንት ፑት ኦፍ ዘ ወዲንግ አንቲል ጥር» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፤ ጾመ ነቢያት ደርሶባት ሰርጉን አስተላልፋለች። ይህ ልጅ ፑት ኦፍን ሀ ለ ሐ ቢደረደርለትም አይስተውም። ዋናው ነገር ምሳሌውን ማን ይጻፈው ነው፤ መጽሐፉ ወይስ ልጁ?

ተቃዋሚ፦
ሴትነትሽን ያነሣሽው አንቺ ነሽ፤ ከእኔ አፍ አልወጣም። አርባ ዓመት ሙሉ ቢያስተምሩም ይህን ከመስማት አይድኑም ማለት ነው። ይሁን።

ግን እንዴ! የመጣነው «ማን ይጻፈው» ብለን ነው? ሐሳቡ «በምሳሌ ብቻ» ይላል። «ብቻ» የምትለዋ ወዴት ገባች? ልጁ ሲጽፍ የምታርሚው በምንሽ ነው? በሕግ አይደለም? የአክስቱ ሰርግ ለጥር መተላለፉ መልካም ነው። አሁን «ዘ ወዲንግ»ን በ«ኢት» ተካ በዪልኝ። «ፑት ኦፍ ኢት» ካለሽ ወደ ደብረ ማርቆስ ላኪው።

ደጋፊ፦
እልከዋለሁ። ሲመጣ ግን አያስሸምድዱት፤ ያጽፉት።